የቀርበታው አፍ
ላረጀ የጭነት መኪና ኩሽኔታ ስለ መምረጥ

ጓንግ ከጎንደር በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች ተነሥቶ፣ ተከዜም ሰቲት የሚለውን ስም ይዞ መጥቶ፣ ሁለቱ በሱዳን ቆላ ተቀላቅለው አትባራ ከሆኑ በኋላ የሚደርሱባት ከተማ ኸሽም ኤል ቂርባ ትባላለች፤ ትርጓሜውም በሱዳን ዐረብኛ «የቀርበታ አፍ» ማለት ሲሆን፣ የእነርሱ «ቂርባ» እና የእኛ «ቀርበታ» ዘመዳማች ቃላት መሆናቸውን ጆሮ ያለው ሁሉ ያስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የተፈጸመው የከተማይቱ ግድብ፣ በአስዋን ግድብ ምክንያት አገራቸው በውሃ የተዋጠባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑባውያን ለሰፈሩበት እርሻ ውሃ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ሲጀመር 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዝ የነበረው ሐይቁም፣ በየክረምቱ ከደጋው ተጠርጎ የሚወርደው ደለል እየሞላው፣ ከጊዜ በኋላ የመያዝ ዐቅሙ ወደ ግማሽ ገደማ ወርዷል። ያ ደለል ግድብ ብቻ አይሞላም። በክረምት የተቋጠረውን ጎርፍ እየሰነጠቀ የሚያልፈው የጭነት መኪና በእግሩ እምብርት ውስጥ ከዚያው ጭቃ ድርሻውን ይወስዳል፤ ያም ምን እንደሚያደርግ የተማርሁት በዚችው ከተማ፣ በራሴ ስሕተት ነው።

ወንድሜ በገዳሪፍና በከሰላ መካከል የሚመላለስ ያረጀ ቤድፎርድ ነበረው፤ በምሥራቅ ሱዳን «ሎሪ» ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደዚሁ አፍንጫ ረጅም፣ አካሉ በእንጨት የተሠራ መኪና ነው። በሐምሌ ወር የፊት እግሮቹ ኩሽኔታ ስላለቀ፣ አዲሱን ከገበያ የገዛሁለት እኔ ነበርሁ፤ ሣጥኑ የሚያብረቀርቅ፣ በላዩ የተጻፈው ስም በዓለም የታወቀ፣ ዋጋውም ከሌላው ሱቅ በግማሽ ያነሰ ስለ ነበር፣ የሁለቱንም እግሮች ገዝቼ እንደ ሠናይ ሥራ ቈጥሬው ተመለስሁ። በኅዳር ሰሊጥ ጭነን ከገዳሪፍ ወጥተን ሸወክን ካለፍን በኋላ ግን ከግራው እግር እንደ ወፍጮ ድንጋይ ያለ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይበረታል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይለዝባል፤ ይህም መኪና ወደ ቀኝ ሲዞር ሸክሙ በግራው እግር ላይ ስለሚጋደም፣ የታመመው እግር የትኛው እንደ ሆነ ለሚያደምጥ ሰው የሚናገር ምልክት ነው። ኸሽም ኤል ቂርባ ስንደርስ የተቃጠለ ግሪስ ሽታ ካቢናው ድረስ ገብቶ ነበር።

በኒም ዛፍ ጥላ ሥር የሚሠሩ፣ ከመተማ ወገን መጥተው በዚያች ከተማ ብዙ ዘመን የኖሩ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፤ ሱዳኖቹ «ኡስታ» ይሏቸዋል፣ እኛም «ጋሼ» እንላቸዋለን። እግሩ እስኪበርድ ካስጠበቁን በኋላ በክሪክ አነሡት፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙት ከንፈራቸውን ነከሱ፤ ከዚያም ኮፒሊያውን መዝዘው፣ ዳዶውን ፈትተው፣ የውስጡን ቀለበት በእጃቸው መዳፍ ላይ አስቀምጠው ለወንድሜ አሳዩት። ሮለሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል፤ ብረት ይህን መልክ የሚያመጣው ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። የውጭው ቀለበት መንገድ ደግሞ እንደ ተላጠ ቅርፊት ስንጥር ስንጥር ብሏል።

«ጋሼ፣ ገና አራት ወሩ ነው እኮ!» አለ ወንድሜ።

«ወሩን ተወውና ፓራኦሊዮውን አሳየኝ፣ ልጄ» አሉት፤ ግሪሱን ከውስጥ ይዞ ውሃውን ከውጭ የሚከለክለውን የጎማ ማሸጊያ ማለታቸው ነው። «ያኔ አብሮ ተለውጧል?»

«ደኅና ነው ብለን የድሮውን መለስነው።»

ሽማግሌው ምንም አልመለሱም። ከመሣሪያ ሣጥናቸው ሞረድ አወጡ፤ ነገር ግን በተቃጠለው ኩሽኔታ ላይ አላሳረፉትም፤ በእሳት የተነካ ብረት ጥንካሬውን ስለሚያጣ እርሱን መመርመር ፍርድ አይሆንምና፣ በዚያው ቀን ከዚያው ሱቅ የተገዛውን፣ ገና ያልጋለውን የቀኙን እግር ኩሽኔታ አስወጥተው፣ ሥራ በሌለው የጎን ገጹ ላይ ሞረዱን ሳብ አደረጉት። ሞረዱ ነከሰ። በደንብ የተሠራ የኩሽኔታ ብረት፣ አንድ በመቶ ያህል ካርቦንና አንድ ተኩል በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለበት፣ በእሳትና በዘይት ልኩን ጠብቆ የጠነከረ ስለሆነ፣ ሞረድ በላዩ እንደ መስተዋት ይንሸራተታል እንጂ አይነክሰውም። ሣጥኑ ስሙን ተውሶ ነበር ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው ብረት ግን የሌላ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የሁለት ነበር፦ የውሸት ብረትና ያረጀ ፓራኦሊዮ፤ ሁለቱንም የመረጥናቸው እኛው ነን።

ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት፣ ይህ ኩሽኔታ የተባለው፣ ስሙን ከጣልያኖች የወሰድነው ዕቃ ምን እንደሚሠራ ማየት ይገባል። መንኰራኵርን ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእዩ አንዱ በሌላው ውስጥ ሆኖ አይቶታል፤ የኩሽኔታም ጥበብ በትንሹ ይህንኑ ይመስላል፣ በትልቁ መንኰራኵር ውስጥ ብዙ ትንንሽ መንኰራኵሮች ይዞራሉና። የቀድሞ ሰረገላ እምብርቱ በዘንጉ ላይ እየተፋተገ፣ ሞራ እየተቀባ ሲሄድ ኖሯል፤ ቀጥ ያለ ሮለር በመካከል ሲገባ ፍትጊያው ቀነሰ፤ ሆኖም ሰረገላው በታጠፈ ቊጥር ጭነቱ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ስለሚገፋ ቀጥ ያለው ሮለር ያንን መሸከም አልቻለም። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሰረገላ ሠሪ የነበረው ሄንሪ ቲምከን መልሱን አገኘ፤ ሮለሩን በአንድ ወገን ወፈር፣ በሌላው ቀጠን አድርጎ ሾጣጣ ሠራው፤ የውጭውን ቀለበት እንደ ቡና ስኒ ውስጡን ዘንባላ፣ የውስጡንም ቀለበት እንዲሁ አድርጎ እርስ በርሳቸው እንዲሰካኩ አደረገ፤ የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. በ1898 አስመዘገበ። ዛሬም በአሮጌው ቤድፎርድ፣ በእኛ አገር «ኤን ትሬ» ሲባል በኖረው፣ ትውልዱ እ.ኤ.አ. ከ1952 የሚጀምር ፊያት 682፣ እንዲሁም በአብዛኛው ተሳቢ እግር ውስጥ ፊትና ኋላ ሆነው ጀርባ ለጀርባ የሚሠሩት እነዚህ ሾጣጣ ኩሽኔታዎች ናቸው።

የኩሽኔታ ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች፣ ፍሪድሪኽ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1883 ኳስ የሚሞርድ መኪና ያቆመባትንና የጀርመን ኩሽኔታ መናኸሪያ የሆነችውን ሽዋይንፉርትን፣ በ1943 ነሐሴና ጥቅምት ሁለት ጊዜ ብዙ አውሮፕላን እየከፈሉ መቷት፤ ምክንያቱም ታንኩም፣ አውሮፕላኑም፣ ካሚዮኑም ያለ ኩሽኔታ አይዞርም።

እንግዲህ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ሥራው ማንበብ ነው። ብዙ ሰው ወደ ሱቅ ገብቶ «የቤድፎርድ የፊት ኩሽኔታ ስጠኝ» ይላል፤ ባለሱቁም ከመደርደሪያው የቀረበውን ያነሣለታል። ያ ግን የመኪናው ስም ነው፤ ኩሽኔታውን የሠራው የመኪናው ፋብሪካ አይደለም፣ የኩሽኔታ ፋብሪካ ነው፤ የመኪናው ፋብሪካ ቢዘጋ እንኳ፣ ቤድፎርድም እንደ ተዘጋ፣ የኩሽኔታው ልክ በዓለም ሥርዐት የተወሰነ ስለሆነ ከሞተው መኪና ተለይቶ ይኖራል። ላረጀ መኪና ባለቤት ከዚህ የሚበልጥ መጽናኛ የለም። የመኪናው ስም ያልፋል፤ በቀለበቱ ጎን የተቀረጸው አሐዝ ግን ዛሬም በስዊድን፣ በጃፓን፣ በጀርመን ወይም በቻይና የተሠራውን እኩያውን ይጠራዋል። ስለዚህ አሮጌው ኩሽኔታ ከመጣሉ በፊት በነጭ ጋዝ ይታጠብ፤ ቁጥሩም ከሁለቱም ቀለበቶች ላይ ይጻፍ።

የቁጥሩ ምሥጢር ከባድ አይደለም። በሚሊ ሜትር ሥርዐት የተሠራ ሾጣጣ ኩሽኔታ በ3 ይጀምራል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አሐዞች፣ ከ04 ጀምሮ፣ በ5 ሲባዙ የውስጡን ቀዳዳ ስፋት ይሰጣሉ። 32310 ቢል፣ 10 በ5 ሲባዛ 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሊፐር ያለው ሰው በባለሱቁ ፊት ለክቶ ሊያረጋግጠው ይችላል። የውጭው ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር መሆኑን ደግሞ ከሠንጠረዥ ያገኘዋል። የእንግሊዝና የአሜሪካ መኪኖች ግን ብዙ ጊዜ በኢንች የተሠሩ ስለሆኑ ይህ ስሌት በእነርሱ ላይ አይሠራም፤ የውስጡ ቀለበትና የውጭው ቀለበት ለየብቻ ቁጥር አላቸው። ለምሳሌ ኤች ኤም 212049 የተባለው የውስጥ ቀለበት ጓደኛው ኤች ኤም 212011 የተባለው የውጭ ቀለበት ነው። ልኩ ቢመስልም አንዱን ከሌላ ቤተሰብ ጓደኛ ጋር ማጋባት፣ ወይም አዲሱን የውስጥ ቀለበት በተላጠው በአሮጌው የውጭ ቀለበት ውስጥ ማስገባት፣ በአሮጌ አቁማዳ አዲስ ወይን እንደ መጨመር ነው። የውጭውን ቀለበት ከሞዞው፣ ማለትም ከእግሩ እምብርት፣ ማስወጣት አድካሚ ስለሆነ ብዙ መካኒክ ይተወዋል፤ ባለቤቱ ግን ቆሞ ማስወጣት አለበት።

ስለ ሠሪዎቹ ስም ብናወራ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በዬተቦሪ የተቋቋመው የስዊድኑ ኤስ ኬ ኤፍ፣ ቲምከን፣ ከሽዋይንፉርት የወጣው ፋግ፣ የጃፓኖቹ ኤን ኤስ ኬ፣ ኤን ቲ ኤን እና ኮዮ በየትም የሚታመኑ ናቸው። ከቻይናም ጥሩ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ እኔ በግልጽ በቻይና ፋብሪካ ስም የተሸጠ ርካሽ ኩሽኔታን፣ የትልቅ ፋብሪካን ስም ሰርቆ ከሚሸጥ ርካሽ ኩሽኔታ አብልጬ እመርጣለሁ፤ የመጀመሪያው ቢያንስ ሐሰት አልተናገረም፣ ሐሰት የተናገረ ደግሞ በብረቱ ውስጥ ሌላ ምን እንደ ደበቀ አይታወቅም። የታወቀ ስም ባለበት ሁሉ አስመሳይ አለና፣ ሠሪዎቹ ራሳቸው በዓለም የኩሽኔታ ማኅበር በኩል አስመሳዮችን ይከሳሉ፤ ኤስ ኬ ኤፍ እና የፋግ ባለቤት ሼፍለርም ገዢው በስልኩ የሚመረምርበትን መተግበሪያ አውጥተዋል። ስልክ ባይኖር ዐይን አለ። በሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥርና በቀለበቱ ላይ ያለው አንድ መሆኑን፣ ፊደሉ የተስተካከለ መሆኑን፣ የዝገት መከላከያ ዘይቱ ንጹሕ መሆኑን፣ ሮለሮቹን የሚይዘው የቆርቆሮ ወንፊት ጠርዙ ያልተቀደደ መሆኑን ማየት ይቻላል። እኔ ግን ከሽማግሌው የተማርሁት አንድ ነገር አለ፤ ኩሽኔታውን ገልብጠው የሮለሩን ወፍራም ጫፍ በብርሃን ያዩታል። ሾጣጣ ሮለር ወፍራም ጫፉን በውስጡ ቀለበት ጠርዝ ላይ አስደግፎ ነው የሚዞረው፤ በጥሩው ኩሽኔታ ያ ጫፍ እንደ ዐይን ብሌን ጠርቶ ይታያል፤ እኔ በገዛሁት ላይ ግን የመሞረጃው ክብ ክብ ጭረት እንደ ቀረ ነበር። ያም ጭረት በየዙሩ ጠርዙን ሲፍቅ፣ ፍቁም ሙቀት ሲወልድ፣ ሙቀቱም ግሪሱን ሲያቀልጥ አራት ወር ሞላው።

ዳሩ ግን ሐቀኛ ኩሽኔታም ቢሆን ከተወሰነለት በላይ ሲጫን ይሞታል፤ የሚሞተውም ሰው በሚገምተው ልክ አይደለም። መሐንዲሶች ያወጡት ሕግ እንደሚለው፣ በሮለር ኩሽኔታ ላይ ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ዐሥረኛው ገደማ ይወርዳል። መቶ ኪሎ ሰሊጥ የያዘ ጆንያ በጆንያ ላይ ሲደረደር «አሁን የተጨመሩት አምስቱ ምን ያደርጋሉ?» የሚል ረዳት ይህን ቢያውቅ ኖሮ አምስቱን ባወረደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በድርቁና በጦርነቱ ተገፍቶ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ሌሎቹ የምሥራቅ ሱዳን ሰፈሮች የገባው ሕዝባችን ይቀበለው የነበረ እህል በካሚዮን ተጭኖ የደረሰ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ አንድ እግር የወለቀበት መኪና ማዘግየቱ በሰው ሆድ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ፓራኦሊዮው ልመለስ፤ በዚያ አገር ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነውና። የገዳሪፍ አፈር በበጋ እንደ ዋልካ የሚሰነጠቅ፣ በክረምት እንደ ሙጫ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም በየሜዳው የሚሞላው ጎርፍ መንገዱን ይቆርጠዋል። ካሚዮኑ ረጅም መንገድ ሮጦ፣ ፍሬኑም ታምቡሮውንም አግሎ፣ የጋለውን እግሩን በዚያ ውሃ ውስጥ ሲነክር፣ በሞዞው ውስጥ የታመቀው ትኩስ አየር በቅጽበት ቀዝቅዞ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም ጎድሎበት የነበረውን ቦታ ለመሙላት ከውጭ ይስባል። በበሩ ላይ የቆመው የፓራኦሊዮው ጎማ ከንፈር ለስላሳ ከሆነ ይገታዋል፤ በሙቀት ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ውሃውንና ደለሉን እንደ ተጠማ ሰው ይጠጣል። ውሃው ግሪሱን ያነጣዋል፣ ደለሉ ደግሞ በሮለርና በቀለበት መካከል እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጫል። ሞዞ ማለት ውሃ ሳይሆን ግሪስ የሚይዝ ቀርበታ ነው፤ አፉም ፓራኦሊዮው ነው። ዋጋው ከኩሽኔታው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ሆኖ ሳለ፣ ሰው በዚያ ሳንቲም ይሰስትበታል። ኩሽኔታ በተለወጠ ጊዜ ሁሉ ፓራኦሊዮው ይለወጥ፤ ከንፈሩ የሚነካው የዘንጉ ቦታም ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለበት አዲሱም ፓራኦሊዮ አይቆይምና እርሱም ይታይ።

ዘንጉ ራሱ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ በገበያ ላይ ያለ ኩሽኔታ ሁሉ አይረዳም። የላላውን ቀለበት ለማጥበቅ በመዶሻ ነጥብ ነጥብ የሚያደርጉ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ቆርጠው የሚያስገቡ አሉ፤ ይህ ለጥቂት ቀን ያስተኛል፣ ከዚያም እግሩን ከነጎማው በመንገድ ላይ ያወልቃል። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ሄዶ ማስሞላት ወይም ዘንጉን መለወጥ ነው።

ስለ ማሰሩ ሥራ ባጭሩ ልበል፤ እጁ ያለው መካኒክ ያውቀዋልና። ሽማግሌው ከሌላ ሱቅ የመጣውን አዲሱን ኩሽኔታ ከወረቀቱ ያወጡት እጃቸውን ታጥበው ነው፤ ግሪሱን በመዳፋቸው ይዘው ከወፍራሙ ጫፍ በኩል በሮለሮቹ መካከል በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ ገፉት፤ ላይ ላዩን መቀባት አልተቀበሉም። ቀለበቱን በብረት መዶሻ በቀጥታ አልመቱትም፣ በለስላሳ ነሐስ ዙሪያውን እያዘዋወሩ አስገቡት። ዳዶውን ሞዞውን በእጃቸው እያዞሩ አጠበቁት፤ ሮለሮቹ በቦታቸው ከተቀመጡ በኋላ መልሰው አላሉት፤ ሲገፋና ሲሳብ የሚቀረው ልል ከሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ እንዳይበልጥ አድርገው አሰሩት። «በጣም የጠበቀ ይቃጠላል፣ በጣም የላላ ይንኳኳል» እያሉ አዲሱን ኮፒሊያ ሲያጥፉ፣ ወንድሜ ያረጀው ኮፒሊያ እንዳይመለስ ከእጃቸው ተቀበላቸው።

ያገለገለ ኩሽኔታ ስለሚገዙ ሰዎች እጠየቃለሁ። ከሌላ መኪና የወጣ የታወቀ ሠሪ ኩሽኔታ ከአስመሳይ አዲስ ይሻላል የሚል ክርክር አለ፤ የተሸከመውን ጭነትና የጠጣውን ውሃ ማንም ሊነግረን ስለማይችል፣ እኔ ለፊት እግር አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ንግዱን ሁሉ ስላከበደ፣ በዚያ ወገን የሚነዱ ሰዎች ምርጫ እንደ ቀድሞው ሰፊ አይደለም፤ እነርሱን ከሩቅ ሆኖ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ሆኖም ዕቃ በሚጠፋበት ጊዜ አስመሳይ ይበዛልና፣ ካሊፐሩና ዐይኑ ከዚያን ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም።

በዚያ ቀን ከኸሽም ኤል ቂርባ የወጣነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነበር። ጥቂት ከሄድን በኋላ ወንድሜ መኪናውን ከዳር አቆመና ወርዶ፣ ሽማግሌው እንዳዘዙት፣ የግራውን ሞዞ በእጁ ጀርባ ነካ፤ ዞሮ የቀኙን ነካ፤ እንደገና ወደ ግራው ተመለሰ። ሁለቱም ለብ ያሉ ነበሩ። ወደ ካቢናው ሲወጣ ከኪሱ የነጭ ቀለም ቆርቆሮ አውጥቶ በበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ሦስት ቁጥር ጻፈ፤ የውጪውን ኩሽኔታ፣ የውስጡን ኩሽኔታ፣ ከሁሉም በላይ አድርጎ የፓራኦሊዮውን፤ ከሥራቸውም ቀኑን ጻፈና ቀለሙ እስኪደርቅ በሩን ከፍቶ ይዞት ቆየ።